ጭቃው እስኪቦካ፤ ከመርሳ እስከ ወልድያ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ ስለ ውሉ የማያነሳ መንገደኛ የለም። እኛም አነሳን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያን መንግሥት የተዋዋሉት እዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ልጄ ግን ያን ዕለት ታሪኩ ላይ አልቆየችም። ፊቷን ከመኪናው መስኮት ላይ ለጥፋ የምትመለከተው ጣሪያ ነበር። ውርጌሳን ስናልፍ፣ "አባዬ፣ የሣር ክዳን እኮ አላየሁም" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከመንገዱ ዳር የሚታየው ጎጆ ነበር። ዛሬ ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ፀሐይ የሚያንጸባርቅ ቆርቆሮ ነው።

መርሳ ከአዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወልድያ ለመድረስ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወልድያ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ሙቀቷ ጠንከር ይላል፤ ብርቱካኑ፣ ማንጎውና ፓፓያውም በዚሁ ሙቀት ነው የሚኮራው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ እዚህ ነው፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ከተሄደ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እኛ የሄድነው ግን ለማንጎም ለምርምርም አይደለም። በክረምቱ የእናቴ ቤት የጓዳ ግድግዳ ተደርምሶ ስለነበር ነው።

ልጄ አርክቴክት ናት። በአንድ አማካሪ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርታ፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን የካርቦን ልቀቱ ዝቅተኛ በሆነ የሕንፃ ንድፍ ልትማር ትፈልጋለች። ነገሩን ለእናቴ ለማስረዳት በቡና ላይ ብዙ ደከመች። ስለ አፈር፣ ስለ ድንጋይ፣ ሳይቃጠሉ ስለሚሠሩ ግድግዳዎች አወራቻት። እናቴ በረካውን እስክትቀዳ ዝም ብላ ሰማችና፣ "እና ሁለት ዓመት ሙሉ የምትማሪው ጭቃ ነው? ጭቃውንማ እኔ አስተምርሽ የለ፣ ያለ ክፍያ!" አለቻት። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጄም ሳቀች፤ ግን ጆሮዋ ቀላ።

ቤቱ ሁለት ዓይነት ነው። ፊት ለፊት ያለውን ክፍል አባቴ ከ66ቱ ችግር በኋላ የሠራው ነው፤ ድንጋይ በጭቃ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ምሰሶው ወይራ። ጓዳው በኋላ የተጨመረ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና በቀጥታ መሬት ውስጥ ተተክሎ፣ በማገር ተያይዞ፣ በጭቃ ተመርጎ። የወደቀው ይኼኛው ነው። ልጄ ተንበርክካ የአጠናውን ሥር ስታነሳው እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። ምስጥ ከታች፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ወርዶ የሚረጨው የዝናብ ውኃ ደግሞ ከጎን። ጭቃ በራሱ ቤት አይጥልም፤ የሚጥለው እግሩ እርጥበት ውስጥ የቆመ እንደሆነ ነው። የአባቴ ክፍል ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠ ዛሬም ቆሟል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ነገር አሳየችኝ። መጀመሪያ የአባቴን ክፍል ግድግዳ ከውስጥ በኩል በመዳፌ አስነካችኝ፤ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚጠጣው፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ሰውም ብርድ ልብስ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ከዚያ ጎረቤታችን በቅርቡ ወደ ሠራው የብሎኬት ቤት ወሰደችኝ። ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው በቀጥታ አናት ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳልቆይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ባለቤቱ ራሱ የት እንደነበር ልንገራችሁ? ውጭ፣ ማንጎው ጥላ ሥር።

ታዲያ ልጄ አሸነፈች ያልን እንደሆነ ተሳስተናል። ጎረቤታችን ከማንጎው ሥር ሆኖ፣ "ልጄ፣ ላንቺ ሙቀት ነው፤ ለባለቤቴ ግን እረፍት ነው" አላት። እናቴም ቀጠለች፦ "ሃምሳ ዓመት ለቅልቄያለሁ። ለመስቀል መለቅለቅ፣ ክረምት ሲወጣ መምረግ፣ እበት መልቀም፣ ውኃ መሸከም። ይኼን ሁሉ የሠራው ማን ይመስልሻል፣ አያትሽ?" ልጄ መልስ አልነበራትም። የጭቃ ቤት ርካሽ ነው ስንል የሴቶቹን ጉልበት ሳንቆጥር ነው። ብሎኬት ለእናቴ ክብር ብቻ አይደለም፤ ክብሩም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፣ "ልጇ አዲስ አበባ እየኖረ በጭቃ ትኖራለች" መባሉን አትፈልገውም። ከሁሉ በላይ ግን እጇን ማሳረፍ ትፈልጋለች።

በማግሥቱ ዋጋ ለመጠየቅ ወልድያ ወጣን። ወልድያ ኮረብታ ለኮረብታ የተሠራች ከተማ ናት። መሐል ከተማው በሲሚንቶ ሕንፃ ተሞልቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየምም ከሩቅ ይታያል። ከተማዋ በ2013 ክረምት ማብቂያ በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 የቆየችውን ሰው አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ግድግዳ ሲጠግንና በር ሲያስገጥም ነው የኖረው። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የአሸዋውን ዋጋ ሲደምርልን፣ ልጄ በወረቀቱ ጥግ ላይ ሌላ ድምር ትደምር ነበር።

ያ ሌላው ድምር ነው ልትማር የፈለገችው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው። ጭሱ ከነዳጁ ብቻ አይወጣም፤ ከድንጋዩ ከራሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። አንድ ቶን ሲሚንቶ ከግማሽ ቶን በላይ ያስወጣል። በዓለም ዙሪያ ከሰው ሥራ ከሚመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶው የሲሚንቶ ነው። ትምህርቱ አንድ ግድግዳ ድንጋዩ ከተፈለጠበት ቀን አንስቶ እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ ምን ያህል እንዳቃጠለ መቁጠር፣ ከዚያም ያንን የሚቀንስ ቤት መንደፍ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ይህ ሒሳብ የመርሳን አሮጊት ሊያሸማቅቃት አይገባም። አንድ ኢትዮጵያዊ በነፍስ ወከፍ የሚጠቀመው ሲሚንቶ ከዓለም አማካይ እጅግ ያነሰ ነው። ዓለምን ያሞቀው የእናቴ ጓዳ አይደለም። ለእናቴ ጭቃ ይሻልሻል የሚላት ሰው፣ የሚቀዘቅዝ፣ የማይፈርስና በየዓመቱ የማያደክም መሆኑን ማሳየት አለበት። ካርቦኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለልጄም ይህንኑ አልኳት። "እሱ ነው እኮ ጥናቱ" ብላ ገላመጠችኝ።

የጀመረው ሰው አለ። ሕንፃ ኮሌጅ እያልን የምንጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተከፈተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት ሠርቷል። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ፎቁን የተሸከመው ከአፈር በተጨመቁ ስስ ሸክላዎች የተሠራ ቅስት ነው። ቡርኪናፋሶ ውስጥ ደግሞ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 በትውልድ መንደሩ በጋንዶ በሸክላ አፈር ጡብ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ መንደርተኛው ጭቃ ዝናብ አይችልም ብሎ ተጠራጥሮት ነበር። እሱ ቆርቆሮውን ከግድግዳው በላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለውና ነፋስ በመሐል እንዲያልፍ አደረገ፤ ጠርዙንም አርዝሞ ዝናቡን ከግድግዳው አራቀ። በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲወስድ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ልጄ የዚህን ትምህርት ቤት ፎቶ ለእናቴ በስልኳ ስታሳያት፣ እናቴ የተገረመችው በሽልማቱ ሳይሆን በጣሪያው ነው። "ቆርቆሮው ተንሳፎ ነው እንዴ የቆመው?" አለች።

ቀሪውን የጨረሰው የመርሳው ግንበኛ ነው። ከልጄ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከሩ። እሷ ከባድ ድንጋይ በጭቃ ብቻ ከተያያዘ የመሬት መንቀጥቀጥ አይችልም፣ በየመሐሉ እንጨት ይግባበት አለች። እሱ ደግሞ፣ "አብሽሪ፣ ይኼማ ላስታ ያለ ነው" ብሎ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ጠቀሰላት። ዋሻ ውስጥ ያለው ያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ ድርብ ድርብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዕድሜውም ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል። በኋላ ተስማሙ። ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋዩ በሲሚንቶ ይገነባል። ከዚያ በላይ ድንጋይ በጭቃ፣ በየመሐሉ እንጨት። ቆርቆሮው ከፍ ብሎ ጠርዙ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይውጣ። ከውጭ በሲሚንቶ አይለሰን፤ ሲሚንቶ ልስን ከጭቃ ጋር አይስማማም፣ ይሰነጠቅና ውኃውን ውስጥ ያፍነዋል። በኖራ ይቀባል። እናቴ አንድ ነገር ጨመረች፦ ውኃ የሚፈስበት፣ ዕቃ የሚታጠብበት ጥግ ብሎኬት ይሁን። ማንም አልተከራከራትም።

የትምህርቱ ነገር ለእኔ አሁንም ያሳስበኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚሰጠው ብረትና ሲሚንቶ፣ መስታወትም ነው። የጭቃ ምሁር የሚቀጥር ሰው ገና ብዙ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መቀመጥም ለእኛ ቤት ቀላል አይደለም። ሆኖም ከግንበኛው ጋር ስትከራከር አይቻት፣ አትማሪ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ማመልከቻዋን አስገብታለች።

መርሳ ላይ የቀረው ጭድ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ እየተገላበጠ፣ እንደ ሊጥ ሳምንታት መቡካት አለበት፤ ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል። ጥሩው ደግሞ የጤፍ ጭድ ነው፤ እሱ ግን የከብት ቀለብ ነው፣ ዋጋውም በየዓመቱ ይወጣል። ልጄ ስንት ጭነት እንደሚያስፈልግ ስትነግራት፣ እናቴ በቁጣ፣ "ታዲያ በሬው ምን ሊበላ ነው?" አለች። ሲከራከሩ አምሽተው፣ ሁለት ጭነት ከእኛ አውድማ፣ የቀረው ከገበያ ተብሎ ተወሰነ። ለመርገጡ ጅጌ ይጠራል። ጠላውን የምትጠምቀው እናቴ ናት፤ ልጄ ደግሞ ከአሁኑ ጌሾ እንድትወቅጥ ታዛለች።