ትልቁ መጋዝና ትንሹ ሞረድ

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ያልተማረውንም የሚያውቅ መስሎ የመናገር ፈተና ይገጥመዋል። እኛም የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነን ሳለ፣ ባለፈው ክረምት የሞተር መጋዝ ዐዋቂዎች ሆነን ተገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጎታችን ግቢ የነበረውን ያረጀ ወይራ ነፋስ ገንድሶት የበረቱን በር ዘጋው። ወይራ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ መጥረቢያ ያነሣ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት መጋዞች በኪራይ ተገኙ፤ የአንደኛው ሞተር 120 ሲሲ ገደማ፣ የሁለተኛው 90 ሲሲ ገደማ ነበር። አጎታችን፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ የትኛው ይሻላል?» ብለው ቢጠይቁን፣ ሳናመነታ «ትልቁ!» አልን። እውነቱን ለመናገር፣ የመንደሩ ሰው ትልቁን ይዘን እንዲያየን ፈልገን ነበር።

አሁን ረጋ ብለን ቍጥሩን ስናስተያይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሽቲል ኤምኤስ 661 የተባለው መጋዝ 91.1 ሲሲና 5.4 ኪሎዋት ሲሆን፣ ያለ ሰንሰለቱና ያለ ቤንዚኑ 7.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ታላቅ ወንድሙ ኤምኤስ 881 ደግሞ 121.6 ሲሲ፣ 6.4 ኪሎዋትና 9.9 ኪሎ ነው። ይኸውም ክብደቱ በሢሶ ሲጨምር ጕልበቱ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልጨመረም ማለት ነው። በሁስክቫርና በኩልም እንደዚሁ ነው፤ 93.6 ሲሲ የሆነው 395 ኤክስፒ 8 ኪሎ አይሞላም፤ 118.8 ሲሲ የሆነው 3120 ኤክስፒ ግን ከ10 ኪሎ ያልፋል።

ትልቁ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ግንዱ እጅግ ወፍራም ሲሆንና ረጅም ሰንሰለት ሲያስፈልግ፣ ወይም ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቆ ጣውላ ማውጣት ሲፈለግ፣ ያ ጕልበት የግድ ነው። የእኛ ወይራ ግን ውፍረቱ ከክንድ ብዙም የሚያልፍ አልነበረም።

ሥራውን ጀመርን። መጋዙ ጮኸ፤ ጢስ ወጣ፤ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ በነነ፤ ግንዱ ግን አልተበገረም። ክንዳችን ዛለ። ከዚያ የመጋዙ ጫፍ ያላየነውን ቅርንጫፍ ሲነካ፣ መጋዙ ወደ ያዘው ወንድማችን ፊት ተመልሶ ዘለለ። የሰንሰለቱ ፍሬን ባይዘው ኖሮ፣ ከግንባሩ የቀረው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ቃል አጣን።

ዕድሜያቸውን በእንጨት ሥራ ያሳለፉ አንድ ጎረቤት ድምፁን ሰምተው መጡ። መጋዙን ሳይሆን መሬት ላይ የወደቀውን ብናኝ ዘግነው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ዱቄት ነው። ስለታም ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይጥላል እንጂ ዱቄት አይፈጭም» አሉን። ትንሹን መጋዝ አስመጡ፤ ከኪሳቸው ሞረድ አውጥተው እያንዳንዱን ጥርስ በአንድ አቅጣጫና በእኩል ቍጥር ሞረዱ።

እኛም፣ «ጋሼ፣ ትልቁ ሞተር አይሻልም?» ብለን ጠየቅን።

«ሞተር ያዞራል፤ የሚቈርጠው ጥርስ ነው» አሉ።

ፍቅፋቂው እንደ በቈሎ ፍሬ ይረግፍ ጀመር። ከቀትር በፊት የበረቱ በር ተከፈተ፤ ከብቶቹም ወጡ።

ወንድማችን እስከ ዛሬ ያንን ስንዝር በእጁ እየለካ ያሳየናል። እኛም አንድ ነገር ስንጠየቅ፣ «አናውቅም» ማለትን ከዚያ ቀን ወዲህ እየተለማመድን ነው።