ዱላውን ማን አየው?

አጎቴ ከኩታበር ደወለልኝና «ልጄን ሐኪም ሊያሳስርብኝ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ነገሩ ሲጣራ ግን ከሳሹ እንደማንኛውም ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ነው። የአጎቴ ልጅ በእርሻ ድንበር ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ ኖሯል። የሰውየው ክንድ ተሰብሯል። እሱ «በዱላ መትቶኝ ነው» ይላል፤ የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ስንጓተት ከእርከኑ ወድቆ ነው» ይላል። ሁለቱን የምትዳኘው ማኅተም ያረፈባት የሐኪም ወረቀት ናት። «በዱላ ምት የደረሰ ስብራት» ትላለች።

«አንተ የተማርከው፣ እስቲ ንገረኝ፤ ሐኪሙ ዱላውን ከየት አየው?» አለኝ አጎቴ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የመሰከሩበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 137 የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ በዋናው ምስክርነት ውስጥ ያለውን ስህተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት ነገር ለፍርድ ቤቱ ማሳየት መሆኑን አስቀምጧል። ወረቀት ግን መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም።

ሐኪሙ ደግሞ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። ቀጠሮ አንድ፣ ቀጠሮ ሁለት፣ ቀጠሮ ሦስት። አጎቴ አዝመራውን ትቶ ይመላለሳል። በእሱም አልፈርድም፤ አንድ ሐኪም ለአንድ ምስክርነት ሁለት ቀን ቢጓዝ የሚጠብቁት ሕሙማን ስንት ናቸው? በአስከሬን ምርመራማ የባሰ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን ተጭኖ የሚመጣው አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ያን የመረመረ ባለሙያ በየአገሩ ችሎት ይቁም ቢባል መቼ ሊሠራ ነው?

በአራተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ አለ። ሕዝባችን «ፕላዝማ» የሚለው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየክልሉ ያሉ ባለጉዳዮችን በዚሁ መንገድ ማነጋገር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኔም ያን ቀን ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ ነበር።

ተከላካይ ጠበቃው የአጎቴን ጥያቄ ጠየቀ። ሐኪሙ «ዱላ ያልኩት ታካሚው የነገረኝን ጽፌ ነው» አለ። አጎቴ ጉልበቴን ጨበጠኝ። ጠበቃው ቀጠለ፤ «ስብራቱ ከመውደቅስ ሊመጣ ይችላል?»

«ከመውደቅ ሊመጣ...» አለ ሐኪሙ። ምስሉ ደረቀ። ድምፁ ጠፋ።

አማርኛችን አዎንታና አሉታውን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። «ይችላል» ይሁን «አይችልም» መስመሩ በልቶታል። በመሀል የቀረችው አንዲት ቃል የአንድ ጎረምሳ ዓመታት ናት። ዳኛው ግን አልቸኮሉም። መስመሩ እስኪመለስ ጠበቁና «ከመጀመሪያው ይድገሙት» አሉ። ሐኪሙም ደገመው፤ «ሊመጣ ይችላል፤ ስብራቱን አይቼ ብቻ መለየት አልችልም።»

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። «እንዴት አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቀርቶ ተገላገልን። ማንም የማይጠይቀው የባለሙያ ወረቀት ግን ያንን ልጅ ይመስለኛል። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የላቦራቶሪ ባለሙያ የምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የጻፈው ሰው ቀርቦ ይጠየቅ ብሏል።

ስለዚህ ፕላዝማውን አልጠላም። ከወረቀቷ ይሻላል፤ ሰው ነውና ይጠየቃል። ነገር ግን ባለሙያው ጻፍኩት ያለው ወረቀት በተከሳሹም እጅ ይኑር፤ ከካሜራው ጀርባ ሹክ የሚል ሰው እንደሌለ ይረጋገጥ፤ የተቆረጠው ሁሉ ይደገም። የአጎቴ ልጅ ፍርዱ ገና ነው። ሌሎች ምስክሮችም አሉ፤ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እኔ የማውቀው ዳኛው «ይድገሙት» ባይሉ ኖሮ መዝገቡ ላይ የሚቀረው «ሊመጣ» የሚለው ብቻ እንደነበር ነው፤ ቀሪውን እያንዳንዳችን እንደ ፍላጎታችን እንሞላው ነበር።