ቡችላ ልትገዙ ነው? እናቱን አሳዩኝ በሉ

ቡችላ ልትገዙ ያሰባችሁ ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «አሁን ስንት ገባ?» ብላችሁ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው፤ እናቱን አይታችኋታል?

አዲስ አበባ ውስጥ የቡችላ ዋጋ ተመን የለውም። አንዱን ቡችላ መንገድ ዳር በካርቶን ይዞ የቆመው ልጅ አንድ ዋጋ ይጠራበታል፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን የለጠፈው ደላላ ሌላ። ገዢው ከምን ዓይነት መኪና እንደወረደና ልጆቹ ምን ያህል እንደጓጉ ታይቶም ይጨመርበታል። «ንጹህ ጀርመን ነው»፣ «አባቱ ከውጭ የመጣ ነው» ከተባለማ ዋጋው እዚያው ቆማችሁ እጥፍ ይሆናል። አባቱን ያየ ግን የለም።

በአግባቡ ያደገ ቡችላ ለምን ውድ እንደሚሆን ማወቅ ተገቢ ነው። እናቲቱ 63 ቀን ገደማ ታረግዛለች፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ ቢያንስ 8 ሳምንት ከልጆቿ ጋር መቆየት አለባት። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷም ልጆቿም በደንብ መብላት አለባቸው። የሆድ ትላትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጋል፣ ሐኪም ይከፈለዋል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ለምን ያን ያህል እንደጠየቀ ስትጠይቁት ቁጭ ብሎ ይዘረዝርላችኋል። ያላደረገው ደግሞ «ገበያው ነው» ይላችኋል። ውድ መሆኑ ለጤንነቱ ዋስትና አይሆንም፤ እጅግ የረከሰ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱ ተዘሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክትባቱና የጡት ጊዜው ነው።

ዕድሜውን ሻጩ እንደነገራችሁ አትቀበሉ፤ አፉን ተመልከቱ። የወተት ጥርስ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት ብቅ ማለት ይጀምርና 8 ሳምንት አካባቢ ይሞላል። ከንፈሩን ቀስ አድርጋችሁ ስትገልጡ የኋላው ድድ ባዶ ከሆነ፣ «ሁለት ወር ሞልቶታል» የተባለው ቡችላ ገና ወር ያለፈው ሕፃን ነው። እንዲህ ያለው ጡት ብቻ አይደለም የሚቀርበት። ቡችላ ሲነክስ ልኩን የሚማረው ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ሲታገል ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ይጮኹበታል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ በዚያው ይማራል። ይህን ሳይማር የመጣው የልጆቻችሁን እጅ እየነከሰ ያድጋል። ከዚያ «ክፉ ውሻ» ተብሎ ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ይታሰራል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ታሪክ ይህ ነው። አባት ቅዳሜ ከሰዓት ቡችላ ይዞ ይገባል፣ ልጆቹ ስም ያወጡለታል፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ ይሯሯጣል። ረቡዕ ምግብ ይተዋል፣ ሐሙስ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው ቤቱን የሚሞላ ተቅማጥ ይከተላል። ፓርቮ ነው። ቫይረሱ ምልክት የሚያሳየው ከገባ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ቡችላው በተሸጠበት ሰዓት ጤነኛ ይመስላል፤ ሻጩም «ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር» ብሎ ይምላል። ገዢው ለግሉኮስና ለመርፌ የሚያወጣው ገንዘብ ከቡችላው ዋጋ ይበልጣል፣ ብዙ ጊዜም አይተርፍም። ቫይረሱ ግን በግቢው አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ በፓርቮ ውሻ የሞተበት ቤት፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ቶሎ ባያስገባ ይሻላል።

«ተከትቧል» የሚለውን ቃል ብቻውን አትመኑ። ደብተሩን አስወጡ። ከክትባቱ ጠርሙስ ላይ የተላጠው ስቲከር ተለጥፎበታል? ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማህተም አለ? ፓርቮን የሚከላከለው ክትባት አንዴ ተወግቶ አያበቃም፤ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በተለምዶ የሚሰጠው በ3 ወሩ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ይዞ «ሁሉንም ጨርሷል» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እየዋሸ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት አገር ይህ ቀላል ውሸት አይደለም።

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። እንግሊዝ ውስጥ ሉሲ የምትባል የካቫሊየር ዝርያ ውሻ ነበረች። ዌልስ ውስጥ ቡችላ እንደ ፋብሪካ ዕቃ ከሚመረትበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ2013 ስትወጣ፣ በጠባብ ቦታ ታጉራ ስትወልድ በመኖሯ ዳሌዋ ተጣብቆ፣ አከርካሪዋ ጎብጦ ነበር። በስሟ የሚጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከ6 ወር በታች የሆኑ ቡችሎችን በነጋዴ በኩል መሸጥ ከለከለ፤ የሚሸጥ አራቢ ቡችላውን በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ማሳየት አለበት። እኛ ጋ ይህን የሚያስገድድልን የለም። ገዢው ራሱ ማስገደድ አለበት።

ስለዚህ ሂዱና እዩዋት። ከስታለች? ሰው ስታይ ትሸሸጋለች? ወይስ ጭራዋን እየቆላች ትቀርባለች? ስንት ዓመቷ ነው፣ ስንት ጊዜ ወልዳለች? ሴት ውሻ በየስድስት ወሩ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ ዕረፍት ሳይሰጥ ባገኘው ቁጥር የሚያስጠቃት ሰው ልጆቿንም በዚያው ልብ ነው የሚያሳድጋቸው። ጀርመን ሸፐርድ ወይም ሮትዋይለር ከሆነች የዳሌዋ ራጅ ተነስቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ የዳሌ ችግር በዘር ይወርዳልና። ጥሩ አራቢ በጥያቄያችሁ አይቆጣም፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚመረምራችሁ። ግቢ አላችሁ? ቀን ማን ይውላል? ማሳደግ ቢያቅታችሁ ለማን ትሰጣላችሁ? ይህን የጠየቀኝን ሰው እኔ ዋጋ አልከራከረውም።

አሜሪካ ያላችሁም ወረቀት አያታልላችሁ። የአሜሪካ ኬነል ክለብ ምዝገባ የዘር ሐረግን ይመዘግባል እንጂ ስለ ጤናው ዋስትና አይሰጥም፤ ይህን ክለቡ ራሱም አይደብቅም። እናቱን ሳያሳይ በኢንተርኔት ቀብድ የሚጠይቃችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡችላ ራሱ የለውም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ካርቶን ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ቡችላ ስታዩ አንጀታችሁ ይላወሳል፤ «ላትርፈው» ብላችሁ ትገዛላችሁ። ይገባኛል። ነገር ግን ሻጩ የሚያውቀው መሸጡን ነው፤ በባዶው ካርቶን ሌላ ይዞ ይመለሳል፣ እናቲቱም እንደገና ታረግዛለች። ማትረፍ የምትፈልጉ ከሆነ በሰፈራችሁ የተወለደ ባለቤት የሌለው የሀበሻ ቡችላ አለ። በነፃ ነው፣ ጥሩ ጠባቂ ይወጣዋል፣ ለመግዣ ያሰባችሁትን ለክትባቱ ታውሉታላችሁ።

እባካችሁ እናቱን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ሻጩ «እናቱ ሩቅ ናት» ካላችሁ፣ አመስግናችሁ ሂዱ።