ከዛፍ በኋላ ስለሚቀረው ጉቶ

በሐዋሳ ከተማ ዛፍ የሚያስቆርጥ ሰው ሁሉ፣ ግንዱ ተጋድሞ፣ ፍልጡ ተከምሮ፣ ቅርንጫፉም በጋሪ ተጭኖ ከወጣለት በኋላ፣ ነገሩ የተፈጸመ መስሎት ግቢውን አስጠርጎ ይቀመጣል። ዳሩ ግን ዛፉ ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ፣ ፍጻሜ የመሰለው ነገር ገና መጀመሪያ መሆኑን የሚያስረዱት፣ የበልግ ዝናም ጥቂት ካካፋ በኋላ በጉቶው ዙሪያ ከቅርፊቱ ሥር እየገፉ የሚወጡት ቀያይ ቀንበጦች ናቸው።

ሐዋሳ የጥንት ከተማ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ናትና፣ ከቀድሞው ዘመን የተረፉትን ዋርካና ሾላ ትተን፣ በየግቢው የምናየው ዛፍ አብዛኛው ነዋሪው በገዛ እጁ ለጥላ፣ ለአጥርና ለማገር ብሎ የተከለው ነው። ግቢው ሰፊ በነበረበት ጊዜ ዛፉ ማንንም አያውክም ነበር። ይዞታው ለልጆች ሲካፈል፣ የብሎኬት አጥርም ሲቆም፣ በመካከል የነበረው ዛፍ ከጎረቤት ግድግዳ ሥር ተገኘና ሞት ተፈረደበት።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ሳለ፣ ከተማይቱን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው። ኋላም ውሃ ይመጥጣል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀል ትእዛዝ እንደ ወጣ፣ ትእዛዙም ሳይፈጸም እንደ ቀረ ይነገራል። ስለ ምን እንደ ቀረ የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ምክንያት ይሰጡ ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ጉቶ ለመንቀል ዶማ የጨበጠ ሰው ምክንያቱን ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም እላለሁ።

ጻድቁ ኢዮብ የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው ተናግሯል፤ ነቢዩ ዳንኤልም በተረጐመው ሕልም ያ ታላቅ ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው በምድር ውስጥ እንዲቀር ታዝዟል። የዚህ ተስፋ ሥጋዊ ምክንያቱ ከቅርፊቱ በታች ተሰውረው የሚኖሩት እምቡጦች ናቸው፤ ግንዱ ቆሞ ሳለ ከላይ ያለው አዕጹቅ አፍኖ ይይዛቸዋል፣ ግንዱ ሲወገድ ግን ሥሩ ለዘመናት ያከማቸው ሲሳይ ሁሉ ለእነርሱ ይሆናል። የጉራጌና የጎጃም ገበሬ ይህን ጠባይ አጥብቆ ያውቃልና፣ ከበቀሉት ቀንበጦች ያማሩትን ሁለት ሦስቱን መርጦ የቀሩትን ይመለምላል፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሳይተክል ይቆርጣል። ለገበሬው ርስት የሆነው ጉቶ ለከተሜው ዕዳ ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በጉቶ ላይ ያልተሞከረ ነገር የለም። አንዱ ጨው ይነሰንስበታል፣ አንዱ የተቃጠለ ዘይት ያፈስበታል፣ ሌላውም ጋዝ አርከፍክፎ እሳት ይለኩስበታል። ይህን ሁሉ አልወደውም። ጨውና ዘይት የፈሰሰበት መሬት ጎመን እንኳ አያበቅልም፤ ሐይቃችንም ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የሌለው ነውና፣ ጎርፍ ከየሰፈሩ አጥቦ ያወረደለትን ይዞ ይኖራል። እሳቱም በሥር ውስጥ ለውስጥ እየጨሰ ወዴት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ጉቶው ከግድግዳ የራቀ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው መላጥ ነው። ቅርፊቱን በምሳር ስለት ከላይ ሰንጥቆ፣ አፈሩንም ጥቂት ጫር አድርጎ፣ ወደ ታች እስከ ሥሩ አንገት ድረስ መግፈፍ ነው፤ ጉቶው ትኩስ ሳለ ልጡ ሳይበጠስ በረጅሙ ይወርዳል፣ ከሥሩም ነጭ፣ እርጥብ፣ ለጣት የሚያዳልጥ እንጨት ይገለጣል። ከቅርፊቱ ጋራ እምቡጡ ስለሚሄድ ጉቶው ኃይል ያጣል፤ ከታች ያመለጠ ቀንበጥ ቢኖር ገና ጣት ሳያክል እየቀነጠሱ መጠበቅ ነው፤ የቀረውን ሥራ ምስጥ ይፈጽመዋል። ከግድግዳና ከውሃ ቧንቧ አጠገብ ያለው ግን በዶማና በዲጂኖ ዙሪያውን ተቆፍሮ፣ የጎን ሥሮቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ካልወጣ በቀር ዕረፍት የለም። በእኔ ግቢ እንዲህ ላለው ሥራ የመጣው ፈላጭ ጉቶውን በእግሩ መታ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ዛፉን የቆረጠው ሰው ቀላሉን ሠርቶ ሄዷል» አለኝ።

ሁሉም ጉቶ ግን አንድ አይደለም። የፈረንጅ ጥድ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ ትተውት ቢቀመጡ ብቻውን ይበሰብሳል። የወይራና የዋንዛ ጉቶ ደግሞ ስፍራ ካለው ቢተዉት፣ አንዱን ቀንበጥ ብቻ አስቀርተው ቢያሳድጉት፣ በቆየው ሥር ላይ ከችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ጥላ ይሆናል። ይህን የሚነቅል ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው።

እንግዲህ በግቢያችሁ ባሕር ዛፍ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቆራጭ ስትቀጥሩ የግንዱን ዋጋ ብቻ አትነጋገሩ፤ ጉቶውን ማን እንደሚነቅል ወይም እንደሚልጥ፣ በስንት ብርም እንደሚሠራ፣ መጥረቢያው ሳይነሣ ተዋዋሉ። ግንዱ ከወደቀ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ፈላጩ ነው።