58 ዓመት ዕድሜ፣ 25 ዓመት ልምድ፣ የማይጮህ ስልክ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለ ሰው ሳያውቅ አይቀርም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዲቪ መጡ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፓርኪንግ ሠሩ፣ ታክሲ ነዱ፣ ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያ የዳታቤዝ ባለሙያ ሆነው ሃያ ምናምን ዓመት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኮንትራት ሠሩ። ቤት ገዙ፣ ልጆች አስተማሩ፣ አገር ቤት ላለው ዘመድ ላኩ። በ2025 የመንግሥት ወጪ ቅነሳው ሲጀመር ኮንትራታቸው ተቋረጠ። አሁን 58 ዓመታቸው ነው።

መጀመሪያ እንደ እረፍት ቆጠሩት። ኮንትራት ሲያልቅ ሌላ ይመጣል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ነገሩ ገባቸው። ሪክሩተር ይደውላል፣ በጣም ይደሰታል፣ ሪዙሜውን ላኩልኝ ይላል፣ ይላክለታል፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ ሌላው ይደውላል። እምቢ የሚል ሰው የለም። እምቢ ቢሉ እንኳ ምክንያቱን መጠየቅ ይቻል ነበር።

የእህታቸው ልጅ በዚያው በአይቲ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ የተመረቁበትን ዓመት ያውጡት። ከ2010 በፊት ያለውንም ሥራ ይሰርዙት» አላቸው።

«ከ2010 በፊት እኮ ነው ሥራውን የለመድኩት!»

ልጁ ልክ ነው፤ ምክሩን ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰጣል። ነገር ግን ዕድሜን ከሪዙሜ ማውጣት የሚጠቅመው የቪዲዮ ቃለ መጠይቁ እስኪጀመር ድረስ ነው። አገር ቤት ሽበት የገባበት ሰው ሲመጣ ከወንበር ይነሱለታል። እዚህ «ልምድዎ ለዚህ ቦታ በዛ» ይባላል። በዛ የሚባል ልምድ መኖሩን የሰሙ ጊዜ ሰውየው ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አላወሩም።

ሕግ የለም ወይ? አለ። በ1967 የወጣው የዕድሜ መድልዎ ክልከላ ሕግ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ሠራተኛና ሥራ ፈላጊ ይጠብቃል። ችግሩ ያለው «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በራሱ ስም ተዋውሎ 1099 በሚባለው ቅጽ የሚከፈለው ኮንትራክተር በዚህ ሕግ ሠራተኛ አይደለም። በአገናኝ ድርጅት በኩል በደብሊው 2 የሚቀጠረው ሠራተኛ ነው፤ እሱም ቢሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ «ዕድሜዬ ባይሆን ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር» ብሎ ማስረዳት አለበት። የማይመለስ ስልክን ይዞ ይህን ማን ያስረዳል?

አገናኙ ራሱ ከየት መጣ የሚል ካለ፣ ታሪኩ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ1986 የወጣው የታክስ ማሻሻያ ሕግ አንቀጽ 1706 ፕሮግራመሮችንና መሰል ባለሙያዎችን ለይቶ፣ በሌላ ድርጅት በኩል ለደንበኛ ሲሠሩ እንደ ግል ተቋራጭ መቆጠራቸውን አከበደባቸው። ደንበኞች ከግለሰብ ጋር በቀጥታ መዋዋል ፈሩ፤ መካከል ላይ የሚቆመው ድርጅት ገበያ ደራለት። ዛሬ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ባለሙያው ድረስ ሁለትና ሦስት ድርጅት ይሰለፋል፣ እያንዳንዱም ድርሻውን ያነሣል። ለዚህ ነው ሪክሩተሩ ገና ስም ሳይጠይቅ «በሰዓት ስንት ይፈልጋሉ?» የሚለው።

በ1099 የሚመጣውን 60 ዶላር እንውሰድ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 46 ሳምንት ቢሠራ 110,400 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የገቢ ግብሩ ሳይነካ፣ የራስ ሠራተኛ የሚከፍለው 15.3 በመቶ ብቻ ወደ 15,600 ዶላር ገደማ ይወስዳል። በዓል የለም፣ የሕመም ፈቃድ የለም። የጤና መድኑ ደግሞ ዕድሜን ቆጥሮ ይመጣል፤ ሕጉ በብዙዎቹ ግዛቶች ኩባንያዎች ለ64 ዓመት ሰው ከ21 ዓመቱ ልጅ እስከ ሦስት እጥፍ እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል። ሜዲኬር 65 ላይ ነው። ሙሉው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ከ1960 ወዲህ ለተወለደ ሰው 67 ላይ። 58 ዓመት የሞላው ሰው የስኳር መድኃኒት እየዋጠ ይህን ክፍተት የሚሻገረው በሥራ ብቻ ነው።

ሥራው ደግሞ አለ። በ2020 ሚያዝያ የኒው ጀርዚው ገዥ ፊል መርፊ የሥራ አጥነት ማመልከቻ ሲጎርፍ ኮቦል የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ አለ ወይ ብለው በአደባባይ ጠየቁ። ኮቦል በ1959 የተጀመረ ቋንቋ ነው። አሮጌው ሲስተም አልሞተም፤ የሚያውቀውን ሰው ነው ጡረታ የሚያስወጡት። አዲሱን ክላውድ የሚያውቅ ወጣት ሞልቷል፣ የሃያ ዓመት ዳታ ሳይበላሽ ወደዚያ የሚያሻግር ግን በየመንደሩ አይገኝም።

እዚህ ላይ ሰውየውን የሚወቅስ ቢኖር አይፈረድበትም። ሥራ መፍታታቸውን ከቤታቸው ውጭ ለማንም አልተናገሩም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን «ሥራ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ተመስገን» ይላሉ። በዕቁባቸው ውስጥ ሦስት የአይቲ ሰዎች አሉ፤ አንደኛዋ የቡድን ኃላፊ ናት። እንግዳ ሆነው በመጡ ሰሞን የመጀመሪያውን የፓርኪንግ ሥራ ያገኙት «ሥራ ካለ ንገሩኝ» ብለው ለቀሶ ቤት ሳይቀር በማስነገር ነበር። ያኔ አላፈሩም። ቤትና ማዕረግ ሲመጣ ግን መጠየቅ ውርደት ሆነ፣ በዚህ መካከል ስድስት ወር ሙሉ ለማሽን ሪዙሜ ሲልኩ ከረሙ።

በኋላ ጉዳዩን ያወጣችው ባለቤታቸው ናት፤ ሳታማክራቸው ለቡድን ኃላፊዋ ደወለች። ለአንድ ሳምንት ተኮራረፉ። በሁለተኛው ሳምንት ቃለ መጠይቅ፣ በአራተኛው ሥራ። አሮጌ የኦራክል ዳታቤዝ ወደ ክላውድ ማዛወር፣ የስድስት ወር ኮንትራት፣ በደብሊው 2፣ ከበፊቱ በሰዓት 14 ዶላር ያነሰ። አለቃቸው 31 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ የዱሮው ሲስተም ቀኖችን ለምን በሁለት ዓይነት መንገድ እንደሚያስቀምጥ ጠየቀ። ሰውየው ያውቁታል፤ እንዲያ ሲደረግ ነበሩ። የተመረቁበት ዓመት ከሪዙሜው ወጥቷልና ያንን ስብሰባ ላይ ይናገሩት ወይስ ይተዉት ብለው ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ ተናገሩት።