ለጊዜው

ኮድ የሚጽፍ ሰው ድፍረቱን የሚያገኘው ከመመለሻው ነው። የነካካው ሁሉ የትናንት ቅጂ አለው፤ ካልጣመው ይመልሰዋል። ድሪል ስይዝ እጄ የሚከብደኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ቬርሞንት ከመጣሁ 6 ዓመቴ ነው። የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የሥራ ባልደረባዬ አባት ጫካ ሄጄ አግዛለሁ። የሜፕል ዛፎች አሏቸው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ሞቅ ሲል ዛፉ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ውሃ መፍሰስ ይጀምራል። 40 ሊትር ያህሉ ተፈልቶ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል።

ድሮ በየዛፉ ባልዲ ይንጠለጠል ነበር። አሁን ጫካው በፕላስቲክ ቱቦ ተያይዟል። ከየዛፉ የሚመጣው ቀጭን ቱቦ ወፍራሙ ዋና መስመር ውስጥ ይገባል፤ መስመሩ ቁልቁል ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ አየር የሚስብ ፓምፕ አለ። ሁለቱን ለማገናኘት ዋናው ቱቦ ይበሳል፤ በአንድ ጎን ብቻ። ድሪሉ አልፎ የማዶውን ጎን ከበሳ አየር ይገባል፣ ፓምፑ ይደክማል፣ የመስመሩ ዛፎች የሚሰጡት ይቀንሳል። ቢሆንም ቱቦ ቱቦ ነው። የተበላሸው ይቆረጣል፣ በማገናኛ ይቀጠላል፣ አለቀ።

ዛፉ ግን እንዲህ አይደለም። ውፍረቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ አይነካም። የሞላው 5/16 ኢንች ስፋት (8 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበሳል። የእኛ ቁስል በአዲስ ሥጋ ይሞላል፤ የዛፍ ቀዳዳ አይሞላም። ዛፉ ዙሪያውን ያለውን እንጨት ይዘጋዋል፤ ያ እንጨት ከእንግዲህ ውሃ አያሳልፍም። ከዚያ በላዩ አዲስ እንጨት እያበቀለ ይሸፍነዋል። በዓመቱ ከአምናው ቀዳዳ ራቅ ተብሎ የሚበሳው ለዚህ ነው። ግንዱ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች በሙሉ ውስጡ አሉ።

ዘንድሮ ድሪሉን ይዤ ስቆም ሽማግሌው አዩኝና፣ "ለክተሃል፣ ቦታውን አይተሃል። ሌላ ምን ቀረህ?" አሉኝ።

ምንም አልቀረኝም ነበር፤ በሳሁት። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። 6 ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ነው የምተኛው። ብር ጠፍቶ አይደለም። እናቴ በደወለች ቁጥር "መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኛለች፤ እኔ "ለጊዜው እዚህ ነኝ" እላታለሁ። አልጋ የገዛ ሰው ደግሞ "ለጊዜው" ማለት ይከብደዋል። መመለሱንም መቅረቱንም እንደ ሁለት ብራንች ጎን ለጎን ይዤ ኖሬያለሁ። በዚህ መሀል እሷ ስልሳን አለፈች፣ ሜፕሎቹም 6 ቀለበት ጨመሩ።

ባለፈው ሳምንት አልጋ ገዛሁ። በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ገብቷታል። ቆይታ፣ "እሰይ ልጄ፣ ደህና እንቅልፍ ይስጥህ" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "ፍራሹን ግን እንዳትጥለው፤ እኔ ስመጣ እተኛበታለሁ።"