ይቺ ዘፈን የማን ልጅ ናት?

በ2009 ዓ.ም. እኛ የገና በግ ስናማርጥ፣ ለንደን ላይ አንድ ጋዜጣ በአምስት ኢትዮጵያውያን ወጣት ሴቶች ተናዶ ነበር። ዴይሊ ሜይል ነው። ከዚያ በፊትም ነገሩን ሲያነሣው ሲጥለው ቆይቷል፤ ያን ሰሞን ግን ባሰበት። የሴቶቹ ጥፋት መዝፈን ነው። «የኛ» በሚባል ቡድን ተሰባስበው፣ በሬዲዮ ድራማ እየተወኑ፣ ሴት ልጅ ራሷን ትውደድ፣ ትማር፣ አትደብደብ፣ ያለ ዕድሜዋ አትዳር እያሉ ያዜማሉ። ለዚህ ከሚከፍሉት አንዱ የእንግሊዝ መንግሥት መሆኑ ጋዜጣውን አንገበገበው። 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ! ገንዘቡ ለድራማው፣ ለውይይት ዝግጅቱ፣ ለስርጭቱና ለሌላውም ሥራ የተመደበ ቢሆንም፣ አጻጻፉን ያየ ሰው አምስቱ ልጆች በጆንያ ተሸክመውት የሄዱ ነበር የሚመስለው። «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» የሚል ስምም ወጣላቸው። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ የልማት ሚኒስቴር ከዚህ የተሻለ ገንዘብ ማዋያ አለ ብሎ ድጋፉን አቋረጠ።

እኔ ልቤ የቀረው ስሙ ላይ ነው። በአገራችን እንግዳ ሰው ቤት ሲመጣ፣ ስሙ ከተነገረ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ የማን ልጅ ነው? ከዘፈን ጋር ስተዋወቅም ይኸው አመል አይለቀኝም። ሴት ልጆች ተሰባስበው ራሳችንን እንወዳለን፣ ለራሳችን እንበቃለን የሚሉባት ዘፈን ዛሬ በየቋንቋው አለች። አባቷ ማን ነው? እናቷስ? ጋዜጣው የኛዎቹን ከእንግሊዞቹ ዘፋኞች ከስፓይስ ገርልስ ጋር ካዛመዳቸው ዘንዳ፣ ቆጠራውን ከዚያው እንጀምር።

የስፓይስ ገርልስ አባት ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1994 ዘ ስቴጅ በተባለው የእንግሊዝ የቲያትር ሰዎች ጋዜጣ ላይ፣ ከ18 እስከ 23 ዓመት የሚሆናቸው፣ መዝፈንና መደነስ የሚችሉ ሴቶች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ያወጡት ቦብ ኸርበርትና ልጁ ክሪስ ናቸው። የወንዶች ቡድን ገበያውን ሞልቶት ስለነበር እስቲ ደግሞ በሴት እንሞክረው ማለታቸው ነው፤ የሴቶች መብት ያን ቀን በቦታው አልነበረም። ወደ 400 የሚሆኑ ሴቶች ለፈተና መጡ። የተመረጡት አምስቱ ሜይደንሄድ በምትባል ከተማ አንድ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ፣ ጠዋት ማታ ድምፅና ዳንስ ሲለማመዱ ከረሙ።

ነገሩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። አባትና ልጅ ውሉን ሳያስፈርሙ ቆይተው ኖሮ፣ ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ጥለዋቸው ሄዱ። የተቀዱ ዘፈኖቻቸውንም ይዘው ነው የወጡት ይባላል። ሳይመን ፉለር የሚባል ሌላ ሥራ አስኪያጅ ያዙ፤ ቨርጂን ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ፤ ከዚያም መጀመሪያ የምትወጣው «ዋናቢ» ናት አሉ። የኩባንያው ሰዎች በሌላ ዘፈን ነበር መጀመር የፈለጉት። ልጆቹ እምቢ አሉ። ዘፈኗ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 ወጥታ እንግሊዝ ውስጥ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆነች፤ በተከታዩ ዓመት የካቲት አሜሪካም አንደኛ ወጣች። በደንብ ለሰማት ሰው ለፍቅረኛ የወጣች መተዳደሪያ ደንብ ናት፤ ከወንድ ጓደኛ ሴት ጓደኞች ይቀድማሉ ትላለች። በዜማና ግጥም ደራሲነት የአምስቱም ስም ይሰፍራል፤ ድርሻቸውም እኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 ደቡብ አፍሪካ ሄደው ከኔልሰን ማንዴላ ጋር ፎቶ ተነሡ፤ በዚያው ወር ፉለርንም አሰናበቱት። ራስን ስለ መውደድ ያስተማሩት ነገር ካለ፣ ለእኔ ከግጥሙ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ ደረሰኝና ውል ላይ ነው።

መፈክራቸው ግን የተውሶ ነው። «ገርል ፓወር» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1991 ኦሊምፒያ ከምትባል የአሜሪካ ከተማ የተነሡት፣ ቢኪኒ ኪል የሚባሉ የፐንክ ሙዚቀኞች በፎቶ ኮፒ አባዝተው ለሚያድሏት ትንሽ መጽሔት ርዕስ አድርገውት ነበር። ድምፃዊቷ ካትሊን ሃና ኮንሰርት ላይ ሴቶቹ ወደ መድረኩ እንዲቀርቡ፣ ወንዶቹ ወደ ኋላ እንዲሸሹ ትጠይቅ ነበር። የእውነት የተቆጡ ልጆች ናቸው። ጥቂት ዓመታት አለፉና መፈክሩን ያነገቡት ሌሎች ልጆች ፔፕሲና ዎከርስ የድንች ጥብስ ሲያስተዋውቁ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ለሴቶች እኩልነት ገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሆን የስፓይስ ገርልስ ቲሸርት በ19.40 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። ጋርዲያን ጋዜጣ የቲሸርቱን ዱካ ተከትሎ ባንግላዴሽ ገባ፤ የሚሰፉት ሴቶች የሚከፈላቸው በሰዓት 35 ፔንስ መሆኑንም ጻፈ። ዘፋኞቹም በጎ አድራጊዎቹም በጣም ደነገጥን አሉ። ደንግጠውም ይሆናል።

ወደ የኛዎቹ ስንመለስ፣ ዘር ብትቆጥሩ አያትየው ጫማ ነው። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ የሚገኘው የጫማ ሠሪው የናይኪ ኩባንያ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ገርል ኢፌክት የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከእንግሊዝ የልማት ሚኒስቴር ጋር ተጣምሮ ገርል ሀብን ወለደ፤ ገርል ሀብ ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ በ2005 ዓ.ም. የኛን ወለደ። የገርል ሀብ አሠራር እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ሳይወቀስ አልቀረም፤ የእርዳታ ገንዘብ አወጣጥን የሚመረምረው ገለልተኛ ኮሚሽን ገና እ.ኤ.አ. በ2012 ደህና አድርጎ ተችቶታል። ስለዚህ ብሩ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሴት ልጅ ስትዘፍን ብሩ ባከነ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ድራማው በአዲስ አበባና በአማራ ክልል በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። አኗኗራቸውም ጠባያቸውም ለየቅል የሆነ አምስት ልጃገረዶች በሙዚቃ ይገናኛሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጉድ ትሰማለች፤ ከድራማው ቀጥሎ ውይይት ይመጣል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጎታል፤ ነጋሪት ጋዜጣ እያነበበ ልጁን የሚድር አባት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሬዲዮ ግን ጓዳ ድረስ ይገባል። ቡና እየተቆላ ይሰማል፤ ልጅቷም ትሰማለች፣ አባትየውም ባይወድ ይሰማል።

የመጀመሪያዋ ዘፈናቸው «አቤት» ነበረች። ቆየት ብለው ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ»ን ሠሩ። ዘፈኗ ከአሳዳጊዎቿ ቤት የወጣችው ያኔ ነው ባይ ነኝ። ለንደንና ኦሪገን የተቀመጠ ባለሙያ ብዙ ነገር ሊያቅድ ይችላል፤ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ግን አያቅድም። እሳቸው በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ሰበብ ጣልያን ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ባለ ጊዜ አጥብቀው ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ነበሩ። መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር የውኃ ምንጩ ተይዞበት ምሽጉን ለቆ እንዲወጣ ያደረገው ዘዴም የእቴጌ ነው ይባላል። ፍልውኃውን ወደው አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴልም ከፈቱ። በራስ መተማመን ሥልጠና ገብተው የምስክር ወረቀት ስለመውሰዳቸው የተጻፈ ታሪክ የለም።

«ጣይቱ»ን አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሰማኋት። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መገናኛ መገናኛ ይላል፤ በመሃል ደግሞ ከአስቴር ጋር ያዜማል፤ እጁን ሳይቀር እያወዛወዘ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች ሴትዮ መልሷን ጠየቀችው። አልሰማም። ደገመችው። ዘርዝሬ እሰጥሻለሁ አላት፤ የሚዘረዝር ሰው ፊት ግን አይደለም። ይኼኔ ሴትዮዋ፣ «ስማ፣ የምትዘፍንላት ሴትዮ ብትሆን እስካሁን ከመኪናው አውርዳህ ነበር» አለችው። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀና፣ «እሺ እቴጌ፣ ይኸው» ብሎ የታጠፉ ብሮች መዘዘላት። ቆጥራ ተቀበለችው።

ደግሞስ ራስን ማወደስ ከመቼ ወዲህ ነው ከውጭ የሚገባው? ሠርግ ቤት ሂዱ። አንድ አጎት ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው ይነሣል፤ ጋቢውን ያጣፋል፤ ከዘራውን እየነቀነቀ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ አባቴ እንዲህ ነው፣ እኔም እንዲህ ነኝ፣ ብቻዬን ይህን ያህል ጣልኩ እያለ ይፎክራል። ጥሎ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ዕቁብ ነው። ሆኖም ሰው ያጨበጭብለታል፤ ሴቶቹ እልል ይሉለታል። ለራስ ግምቱ ግንባታ በጀት የጠየቀለት ድርጅት የለም። ሴት ስትሆን ነው ነገሩ ፕሮጀክት የሚሆነው። በአያቶቻችን ዘመን እኮ ቲያትር ላይ የሴቲቱን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ የወጣችው ያን ነውር ረግጣ ነው።

ልጃገረዶች ተሰብስበው ሲዘፍኑ ግን አገሩ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ነሐሴ 16 ሲደርስ ላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ዋግ ኽምራ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይባላል። ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ረጅሙን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን ይወጣሉ። ጓደኛቸውን ያወድሳሉ፤ የሰጣቸውን ይመርቃሉ፤ የነፈጋቸውን በዘፈን ሸንቆጥ ያደርጉታል። በሌላው ቀን የት ወጣሽ፣ የት ገባሽ የሚል ወላጅ ያን ሰሞን አፉን ይይዛል። ማስታወቂያ ያወጣላቸው የለም፣ ቤት የተከራየላቸው የለም፣ 400 ተፈትኖ አምስት አልተመረጠም። ያለችው ሁሉ ትገባለች።

አዲስ አበባ ላይ ያሉት ደግሞ የእንቁጣጣሾቹ ናቸው። የእህቴ ልጅ የምትመራው ቡድን አንድ ዓመት በራችን ላይ ቆሞ አበባየሆሽን ሲጨፍር ቀርቤ አየሁት። አውራጇ እሷ ናት፤ ተቀባዮቹ የሰፈር ልጆች። ቀሚሳቸው አንድ ዓይነት፣ ጫማቸው ግን እንደየቤቱ። ብር ስሰጣት አየችው፣ አገላበጠችው፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ስድስት ነን» አለችኝ። ጨመርኩ። ዙሩ ሲያልቅ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ሒሳብ ያዙ። ከበሮዋን የያዘችው ከበሮው የእናቴ ነው ብላ ትርፍ ጠይቃ ነበር፤ ክርክር ተነሣና እኩል ይሁን ተባለ። ቀጥሎ ጠባቂ ተብሎ ሲከተላቸው የዋለው ታላቅ ወንድም እጁን ዘረጋ። የእህቴ ልጅ ቀና ብላ አየችውና፣ «አንተ ተቀብለሃል እንዴ?» አለችው። ባዶ እጁን ሄደ። ሳይመን ፉለር ይህን ቢያይ ኖሮ ቀድሞ በተዘጋጀ።

የእንግሊዝ ገንዘብ ከቆመ በኋላ የኛ በሌላ ድጋፍ ቀጠለ፤ ኋላም በቴሌቪዥን ድራማ፣ በአዳዲስ ፊቶች መጣ። ስለዚያኛው ብዙ የምለው የለኝም። ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዷ የነበረችው ራሔል ጌቱ ግን ለብቻዋ ወጥታ አልበም ሠራች፤ ስሙንም «እቴሜቴ» አለችው። እቴሜቴን የማታውቅ ሴት ልጅ በከተማችን ካለች ገና ያልተወለደች ናት። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እጅ ለእጅ ያጨበጭባሉ፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የተሳሳተችው ትወጣለች፤ ተረኛዋ ትገባለች፤ አላሳሳትሽኝም፣ አሳስተሽኛል የሚል ጭቅጭቅ አለ፤ እንደገና ይጀመራል። ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደወጣ የሚታወቅ ነገር የለም፤ ደራሲው እኔ ነኝ ብሎ ድርሻ የጠየቀም አልሰማሁም። የዘፈኗን እናት ጠይቃችሁኝ እንደሆነ እኔ ወደዚያ ነው የምጠቁማችሁ። አባት ነኝ የሚል ካለ ደግሞ፣ ለንደንም ይቀመጥ ኦሪገን፣ ቀለብ ይቁረጥላት።